ስሙ የተለወጠው ዩኒቨርሲቲና ተማሪው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች በዚህ መድረክ ላይ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንደ መሆኔ ስለ ኃይል ብክነት ወይም ስለ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ጥበቃ እንድናገር እንደ ጠበቁ አልጠራጠርም። እኔ ግን የመረጥኩት በመጀመሪያ ሲሰሙት ከሙያችን የራቀ የሚመስል ርእስ ነው። ይኸውም አንድ ዩኒቨርሲቲ ስሙን በሚለውጥበት ጊዜ በዚያው ግቢ ውስጥ በመማር ላይ ያለው ተማሪ ምን ይሰማዋል፣ ምንስ ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል በአንድ ስም ገብቶ በሌላ ስም የተመረቀ፣ ወይም የተመረቀበት ተቋም ዛሬ በሌላ ስም የሚጠራበት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም። ስለሆነም ጉዳዩ የራሳችን ነው።

ከራሴ ልጀምር። የተማርኩበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ የምናገረው ነገር የአንድ ግቢ ብቻ ስላልሆነ አንዱን ለይቶ መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለኢንዱስትሪ ልምምድ ወጥቼ ወደ ግቢ ስመለስ፣ በዋናው በር አናት ላይ የነበሩት የብረት ፊደላት ተነቅለው አገኘኋቸው። ግድግዳው ገና አዲስ ቀለም አልተቀባም ነበርና ፊደላቱ ለዓመታት ከፀሐይ የከለሉት ቦታ ደመቅ ብሎ ይታይ ስለ ነበር የቀድሞው ስም ያለ ፊደል ይነበብ ነበር። ከሳምንት በኋላ ቀለሙም ተቀባ፤ አዲሱ ስምም ወጣ። ለተማሪው የተነገረው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ አንድ ገጽ ወረቀት ነበር።

በዚያ ሰሞን በየዶርሙ የተደረገው ክርክር ዛሬም ትዝ ይለኛል። ተማሪው በሦስት ወገን ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ወገን በአዲሱ ስም የተደሰተው ነው። አዲሱ ስም ረዘም፣ ከበድ ያለና ለቀጣሪ ጆሮ የሚስማማ ሆኖ ታየው። ሁለተኛው ወገን ቅር የተሰኘው ነበር። ይህ ወገን ከገጠር ወጥቶ፣ ስሙን በፈተና ውጤት ማሳወቂያ ላይ አንብቦ፣ ለእናት ለአባቱ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ “እገሌ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ” ብሎ የተናገረ ነው፤ ያ ስም በቤተሰቡ ዘንድ ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚጠራ ሆኖ ነበር። ሦስተኛው ወገን ደግሞ “ስሙ ምን ያደርግልኛል፤ ብቻ ካፌው ይሻሻል” የሚለው ሲሆን፣ በቁጥር የሚበልጠውም ይኸው ይመስለኛል።

እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነበርኩ። ይህን ሳልደብቅ መናገር ያለብኝ በኋላ ለምመጣበት ነገር አስፈላጊ ስለሆነ ነው። በአጠገቤ ባለው አልጋ ይተኛ የነበረ የክፍል ጓደኛዬ ግን ከሁለተኛው ወገን ነበር። ሌሊቱን ተከራክረን ስናበቃ “አንተ አሮጌ ስም ላይ ሙጭጭ ብለህ ትቀራለህ” ማለቴን አስታውሳለሁ። እርሱም “እኔ ስሙን ጠልቼ አይደለም፤ ማንም አልጠየቀኝም ብዬ ነው” ሲል መለሰልኝ። ይህ መልስ በዚያን ጊዜ የሰነፍ ምክንያት መስሎኝ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ስም መለወጥ በራሱ ክፉ ነገር ነው ለማለት እንዳልተነሣሁ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ስማቸውን የለወጡባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሲመረመሩ ሚዛን የሚደፉ ሆነው ይገኛሉ። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚጠይቁን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የተቋማቱን ዓመታት በዚያው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አንደኛው ምክንያት የሥርዓት ለውጥ ነው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው ተቋም፣ በ1961 ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ በ1975 ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይህ ስም በተለወጠበት ወቅት ዩኒቨርሲቲው ለመደበኛ ትምህርት ዝግ ነበር፤ ተማሪውና መምህሩ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተሰማርቶ ነበር። “መሬት ላራሹ” እያለ ለዓመታት የተሰለፈ ትውልድ የንጉሠ ነገሥቱ ስም ከበሩ ላይ መነሣቱን ሲሰማ ብዙ አዝኗል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ይሁንና ከአንድ ስም ወጥቶ ወደ ሌላ ስም የተመለሰ ትውልድ መሆኑ አይካድም።

ሁለተኛው ምክንያት እድገት ነው። በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በየጊዜው እየሰፋ፣ በመካከሉም ስሙን እየለወጠ፣ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1986 የተከፈተው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2004 የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከአንድ ሙያ በላይ የሚያስተምር ተቋም በአንድ ሙያ ስም ሊጠራ አይችልምና ይህ ለውጥ ተገቢ ነው። ግን ከመካከላችሁ በ“ውሃ ቴክኖሎጂ” ዘመን የተመረቁት መሐንዲሶች የቀድሞውን ስም ሲጠሩ የፊታቸውን ሁኔታ ያየ ሰው፣ አጠር ያለው ስም ከሰፊው ስም ይልቅ ለእነርሱ ብዙ ነገር የሚናገር መሆኑን ይረዳል።

ሦስተኛው ምክንያት የቦታው ስም ወደ ባለቤቱ አፍ መመለሱ ነው። በአሜሪካ መንግሥት እርዳታና በኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒክስ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የአለማያ ኮሌጅ በ1985 የአለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2006 ደግሞ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም ያዘ። የአካባቢው ሕዝብ ሐይቁንም ከተማውንም ቀድሞ ሲጠራ የኖረው ሐሮማያ ብሎ ነውና፣ አዲስ የተባለው ስም በእውነቱ ከአሮጌው ይበልጥ አሮጌ ነበር። እንዲሁም በ2000 የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተመሠረተው ተቋም በ2006 የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ናዝሬት የሚለው የከተማ ስም ወደ አዳማ ሲመለስም፣ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሥራ የጀመረው ተቋም ከጊዜ በኋላ የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

አራተኛው ምክንያት የተልዕኮ ለውጥ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአዳማ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነው የአምስት ኪሎው ግቢም እንዲሁ ነው። በ1950ዎቹ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ በኋላም ልደታ ከነበረው የሕንፃ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆነ፤ በ2010 ደግሞ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ። በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አያት፣ አባትና ልጅ ሦስት የተለያዩ ስሞች የያዙ ማስረጃዎች ሊወስዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ እንዳይመስለን፣ የአለማያን ኮሌጅ ያሳደገው የኦክላሆማ ኮሌጅ ራሱ በ1957 ስሙን ለውጦ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። አስተማሪውም ተማሪውም ስማቸውን ለውጠዋል እንግዲህ።

ከእነዚህ አራት ምክንያቶች አንዱንም ስሕተት ነው ብሎ መጣል አይቻልም። ታዲያ ተማሪው ለምን ቅር ይለዋል? ተማሪው ለውጥ የማይወድ ስለሆነ ነውን? እንዲህ ያለው መልስ ለአስተዳደር የሚመች ቢሆንም እውነት አይደለም። ተማሪው ስም ሲወድ እንዴት እንደሚወድ ለማወቅ ወደ ባሕር ዳር መሄድ ይበቃል። በ1963 ተከፍቶ የነበረው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትና በኋላ የተቋቋመው የመምህራን ትምህርት አካዳሚ ተዋሕደው በ2000 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ሆኖም ከውሕደቱ በኋላ የተወለደው የዛሬው ተማሪ እንኳ አንደኛውን ግቢ “ፖሊ”፣ ሌላውን “ፔዳ” እያለ ይጠራል። በስድስት ኪሎም ተማሪው መጽሐፍ ሊያነብ ሲሄድ “ኬኔዲ ልግባ” ይላል እንጂ “ወደ ቤተ መጻሕፍት ልሂድ” አይልም። ያንን ስም ማንም አላስጠናውም። ከበላይ ተማሪ ወደ ታች ተማሪ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ነው። ተማሪ ስም ጠባቂ ነው፤ ከመዝገብ ቤቱ ይልቅ የረጅም ዘመን ትዝታ ያለው ተማሪው ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ተመርቄ በመጀመሪያ የተቀጠርኩበት ሥራ ላይ አለቃዬ የነበሩት አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። በመጀመሪያው ቀን “የት ነው የተማርከው?” ብለው ጠየቁኝ። በኩራት አዲሱን ስም ነገርኳቸው። “እርሱ ደግሞ የት ነው ያለው?” አሉ። እኔም እያፈርኩ አሮጌውን ስም ጠራሁ። “አሃ! እንዲያ አትለኝም ልጄ! ከዚያ የወጡ ጥሩ ጥሩ ልጆች አውቃለሁ” ብለው እጄን ጨበጡኝ። ስንቀው የነበረው አሮጌው ስም በዚያን ቀን ዋስ ሆነኝ። የእኔን ችሎታ ገና አላዩም፤ ከእኔ በፊት በዚያ ስም የወጡት ልጆች የሠሩት ሥራ ግን ስለ እኔ መሰከረ።

በኋላ እንዳጫወቱኝ ጋሼም ራሳቸው በሁለት ስም የተማሩ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ዘምተው፣ ከዘመቻ ተመልሰው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። የመጀመሪያውን የተማሪነት መታወቂያቸውንና ዲፕሎማቸውን በአንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጠው እንደሚኖሩ ነገሩኝ። “ሁለት ወረቀት ነው፤ ሰውየው ግን አንድ ነው። አንዱን ብጥለው ሌላው ምስክር ያጣል” አሉኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣

ስለ ስም መለወጥ በትክክል እንዳስብ ያደረገኝ ግን የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ተጨማሪ ፊደር ተተከለ። አዲሱ ፊደር በመካከል ስለ ገባ የፓነሎቹ ቁጥር ተስተካከለ፤ ቀድሞ ሦስተኛ የነበረው አራተኛ ሆነ፣ አዲሱም ሦስተኛ ተባለ። ለውጡ ትክክል ነበር። ቁጥሩም በጥሩ ሰሌዳ ላይ በጥሩ ፊደል ተጻፈ። ነገር ግን ንድፉ አልታረመም፣ የጥገና ክፍሉም አልተነገረውም። ከዕለታት አንድ ቀን የጥገና ሠራተኞች “ፊደር 3 ይጥፋ” የሚል የሥራ ትእዛዝ ይዘው መጡ። የጣቢያው ተረኛ በአዲሱ ሰሌዳ መሠረት ሦስተኛውን አጠፋ። ሠራተኞቹ ደግሞ በአሮጌው ንድፍ መሠረት ቀድሞ ሦስተኛ ወደ ነበረው መስመር ሄዱ። ግራውንድ ከማሰራቸው በፊት መስመሩን በቴስተር የመፈተን ልማድ ባይኖራቸው ኖሮ ዛሬ የምናገረው ሌላ ነገር ይሆን ነበር። መስመሩ ኃይል ነበረበት።

ከሦስቱ ሰዎች አንዱም አላጠፋም። ተረኛው ያነበበው ትክክል ነው፤ ሠራተኞቹ ያነበቡትም ትክክል ነው፤ ቁጥሩን የለወጠውም በምክንያት ነው የለወጠው። ያጠፋው በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ድልድይ ሆኖ የሚያገለግል አንድ መስመር ጽሑፍ መጥፋቱ ነው። እኛ መሐንዲሶች ይህንን ስለምናውቅ ነው በእያንዳንዱ ንድፍ ግርጌ የማሻሻያ ሠንጠረዥ የምናስቀምጠው። ምን ተለወጠ፣ መቼ ተለወጠ፣ ማን ፈረመ የሚለው በዚያ ይጻፋል። ንድፍን ማሻሻል አይከለከልም፤ ሳይመዘግቡ ማሻሻል ግን ነውር ነው። አሮጌውን ንድፍ ቀድዶ የሚጥል መሐንዲስም እንደ ጠንቃቃ አይቆጠርም።

ዩኒቨርሲቲ ስሙን ሲለውጥ የማሻሻያ ሠንጠረዡ የት አለ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

አሁን ወደዚያ የክፍል ጓደኛዬ ልመለስ። ከተመረቅን ከሦስት ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ በውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ። ከክፍላችን የመጀመሪያው ነበርና ሁላችንም ደስ አለን። ማስረጃውን ላከ። የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ጸሐፊ ወረቀቶቹን ሲመረምር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የውጤት ገጾች በአንድ ስም፣ ዲፕሎማው ደግሞ በሌላ ስም መሆኑን አየ። “ከሁለት ተቋማት ተምረህ ከሆነ የዝውውር ማስረጃ ላክ፤ አንድ ተቋም ከሆነም ያንኑ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከተቋሙ ይላክልን” ብሎ ጻፈለት። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኛም በዚያ ወንበር ብንቀመጥ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጓደኛዬ ወደ ቀድሞ ግቢያችን ተጓዘ። መዝገብ ቤቱ “እንዲህ ያለ ፎርም የለንም” አለው። ፎርሙ የሚዘጋጅበት ክፍል ወደ ሌላ ክፍል መራው፤ ያኛው ክፍል ስም የተለወጠበትን ደብዳቤ ቁጥር ጠየቀው፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው በዝውውር ሄዶ ነበር። ስድስት ሳምንት ፈጀ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ተቋም ስሞች መሆናቸውን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ፣ ማኅተሙ የተደረገበት፣ በመጨረሻ ወጣ። የወጣው ግን የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ዕድሉ ለተጠባባቂ ተሰጠ።

ጓደኛዬ ዛሬ በክፍለ ሀገር የተከበረ መሐንዲስ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ስለዚህ ነገር ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም። የማማርረው እኔ ነኝ። ያን ሌሊት በዶርም ውስጥ “ማንም አልጠየቀኝም” ያለው ነገር የሰነፍ ምክንያት እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ እርሱ ወይም እንደ እርሱ ያለ ሌላ ተማሪ “የጀመርነውስ ማስረጃ በምን ስም ይጻፋል?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር። ከሚለወጠው ስም ጋር አብሮ የሚኖረው ተማሪው ነውና፣ ችግሩ ከሁሉ በፊት የሚታየውም ለእርሱ ነው። ተማሪን መጠየቅ ቸርነት አይደለም፤ ንድፉን በቦታው ከሚሠራበት ሰው ጋር እንደ መመርመር ያለ የሥራ ጥንቃቄ ነው።

በአገራችን ባህል ስም እንዴት እንደሚሰጥ እናስታውስ። ሕፃን እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና ስም ይጨመርለታል። ጀግና የፈረስ ስም ይወጣለታል። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል፤ ተፈሪ መኮንንም አባ ጠቅል ተብለዋል፤ ሲነግሡም በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ሲመጣ ሌላው አልተፋቀም። በእኛ ዘንድ ስም ይደረባል እንጂ አይነቀልም። ሰው ስሙ ሲበዛ ማንነቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም የሕይወቱ ታሪክ በስሞቹ ቅደም ተከተል ይነበባል። ለዩኒቨርሲቲም የምመኘው ይህንኑ ነው። አዲሱ ስም በበሩ ላይ ይውጣ፤ አሮጌውም በመዝገቡ ውስጥ ከነቀኑ ይኑር።

እንግዲህ ቅሬታ ብቻ ይዞ መምጣት የመሐንዲስ ተግባር ስላልሆነ፣ ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ተቋም ስሙ በሚለወጥበት ጊዜ በተማሪው የውጤት ማስረጃ ጀርባ ላይ የቀድሞ ስሞቹንና የተለወጡበትን ቀን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ቢታተም መልካም ነው። ወጪው የቀለም ያህል ነው። ይህ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ ስድስት ሳምንት ባልተንከራተተ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስሙ ሲለወጥ በትምህርት ላይ ያሉት ተማሪዎች ሐሳባቸው ይሰማ። ስሙን እነርሱ ይምረጡ ማለቴ አይደለም፤ ያ የሕግና የመንግሥት ሥልጣን ነው። በአሮጌው ስም የገቡት በየትኛው ስም መመረቅ እንደሚሹ፣ ወይም ሁለቱም ስሞች በዲፕሎማቸው ላይ እንዲጻፉ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቁ። ተጠይቆ የተሸነፈ ሰውና ሳይጠየቅ የታለፈ ሰው ስሜታቸው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ውሎ አድሮ አዲሱን ስም የራሱ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን ሲጠራው ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልብስ እንደ ለበሰ ይሆናል።

ሦስተኛው ሐሳብ ለራሳችን ማኅበር ነው። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ለሌሎች ነው የምናሳስበው፤ ይህኛውን ግን ማንንም ሳንጠይቅ በዚህ ዓመት ልንፈጽመው እንችላለን። የአባልነት መጠየቂያ ቅጻችን “የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ” የሚል አንድ መስመር ብቻ አለው። አንድ አንጋፋ አባል በዚያ መስመር ላይ የቀድሞውን ስም ይጽፋል፤ ሌላው ከዚያው ግቢ የወጣ ወጣት አዲሱን ይጽፋል፤ በመዝገባችንም ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ይሆናሉ። በዚህ መስመር ምትክ “በዲፕሎማዎ ላይ የተጻፈው ስም” እና “ተቋሙ ዛሬ የሚጠራበት ስም” የሚሉ ሁለት መስመሮች ቢኖሩ፣ ከአባሎቻችን ቅጾች ብቻ የአገሪቱን የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች የስም መዝገብ ማዘጋጀት እንችላለን። አንጋፎቹ አባሎቻችን በሕይወት ሳሉና የሚያስታውሱትን ሊነግሩን ሳሉ ቢሠራ ይሻላል። ከዚያም አንድ ወጣት መሐንዲስ “ሁለቱ ስሞች አንድ ናቸው” የሚል ማረጋገጫ ከውጭ ሲጠየቅ፣ ከተቋሙ ደብዳቤ ጋር አያይዞ የሚልከው የሙያ ማኅበሩ ምስክርነት ይኖረዋል።

አንዳንድ ባልደረቦች “መንገድ፣ ግድብና መብራት የሚያሳስበው ማኅበር ስለ ስም ሲነጋገር ይውላልን?” ሊሉኝ ይችላሉ። መልሴ አጭር ነው። ግድቡንም መንገዱንም የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰውየው ሥራ ለመግባት መጀመሪያ የሚያቀርበው የተማረበትን ተቋም ስም ነው። በዚያ ስም ላይ ጥርጣሬ ሲያድር እውቀቱ አይጠየቅም፤ በር ላይ ይቀራል።

በመጨረሻም የሚከተለውን ላሳስብ። ከዓመት በፊት በአንድ ሥራ ምክንያት በተማርኩበት ግቢ በር በኩል አለፍኩ። የአዲሱ ስም ፊደላት እነርሱም ጠቁረዋል፤ ዛሬ በዚያ የሚማረው ልጅ ሌላ ስም እንደ ነበረ አያውቅም። ከበሩ ሲወጡ ያገኘኋቸውን ተማሪዎች “እኔም እዚህ ነው የተማርኩት” አልኳቸውና አሮጌውን ስም ጠራሁ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው በትሕትና “ጋሼ፣ ተሳስተው እንዳይሆን፤ ይህ እንዲያ አይባልም” አለኝ። ጋሼ መባሌን ገና አልለመድኩትም ነበር። እኔና እርሱ በአንድ ክፍል ተምረን፣ ምናልባትም በአንድ አልጋ ተኝተን፣ እንደ እንግዳ ተያየን። ልጁ አላጠፋም፤ የነገረው ሰው የለም።

እንዲያውቅ ማድረግ የእኛ ፈንታ ነው። የማኅበራችን ጸሐፊ በቅጹ ላይ አንዲት መስመር እንዲጨምሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።